የቆራጯ ትሪ

«አትቆፍሪው። ላይ ላዩን ጫር ጫር አድርገሽ ልቀቂው» ሲላት ሰማሁ። ተናጋሪው ልጄ ነው፤ የምትሰማው ደግሞ የልጅ ልጄ። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከሱቁ በስተኋላ ባለችው መሥሪያ ክፍል ውስጥ ለአውራ ጣቷ ፋሻ እየቀደድኩ ነበር። ከትናንት ወዲያ መቅረጫው አዳልጧት ግራ አውራ ጣቷን ወግቷታል። እሷ «ትንሽ ናት እምዬ» ብትለኝም እኔ ግን ብረት የወጋው ቁስል እንዴት እንደሚመረቅዝ ስለማውቅ፣ ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይጠራኝ ጫማዬን አድርጌ ተከትያት መጣሁ። ልጄ ገና ከበሩ ሲያየኝ «ደግሞ አንቺ ምን ልትሠሪ?» አለኝ። «ምሳዋን ይዤ ነው» አልኩት። ምሳዋ በራሷ ቦርሳ ውስጥ እንዳለ አይቷል፤ ሊያሳፍረኝ አልፈለገም መሰለኝ፣ መንገዱን ለቀቀልኝ።

ሱቁ ከፊት ለፊት ሲያዩት ሰፊ ይመስላል። በመስታወት መደርደሪያዎቹ ላይ ዋንጫና ሜዳሊያ፣ በሣጥን የተኙ እስክሪብቶዎች፣ የበር ላይ ስም ሰሌዳዎች፣ ቀለበቶች፣ ትልልቅና ትንንሽ ትሪዎች ተደርድረዋል። መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርጉ ያለችው ክፍል ግን ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ መቆም አለበት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አንገቱ የሚታጠፍ መብራት፣ የመሳያ ድንጋይ፣ ዕቃው እንዳይንሸራተት የሚቀመጥበት አሸዋ የተሞላ የቆዳ ትራስ፣ ይኸው ነው። ባለቤቴ እዚያች ወንበር ላይ አርባ ዓመት ተቀምጧል። ሲሞት ሱቁ ለልጄ፣ መቅረጫዎቹ ለእሷ ደረሱ፤ የወንድና የሴት ብሎ ሳይሆን ማን በምን እንደሚያድር አይቶ ያከፋፈለው እሱ ራሱ ነው። ልጄ መሸጥ ያውቅበታል፣ እጅ ግን የለውም። እሷ እጅ አላት፣ አፍ የላትም። ከልጅነቷ ጀምሮ ቤት ውስጥ የምንጠራት ጭምቷ እያልን ነው። እናቷ፣ ሴት ልጄ፣ ካለፈች ወዲህ ከእኔ ጋር ባንድ ክፍል ነው የምታድረው፤ ቤቱ ግን የአጎቷ ነው።

ትሪውን የገዙት ሴቶች ገና ከበሩ መውጣታቸው ነበር። ሱቁ ሳይከፈት ነው ደጅ ቆመው የጠበቁን። ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት ተልከው የመጡ ናቸው፤ አንደኛዋ ቀጭን፣ ሜትር አንገቷ ላይ የረሳች፣ ሁለተኛዋ ደንደን ያለች፣ የልብስ ቁልፍ ሰፊ። ጨርቅ ቆራጫቸው ዛሬ ጡረታ ትወጣለች። ትሪውን ትናንት ከፍለውበት ሄደዋል፣ ጽሑፉን ግን ተከራክረው ስላልጨረሱ ለዛሬ አሳድረውት ነበር። ቀጭኗ ወረቀቷን ዘርግታ «ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ጨርቅ ሳታበላሺ ቆርጠሽልናል» ብላ አነበበች። ቁልፍ ሰፊዋ «ያ ሰማያዊ ካፖርትስ? ሁለቱም እጅጌ የግራ ሆኖ የወጣው? ብረት ላይ የተጻፈ ውሸት አይጠፋም እኮ» አለቻት። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ተከራክረው ተከራክረው «ሠላሳ አንድ ዓመት ቆርጠሽልን ለበስን፤ የስፌት ቤት ልጆችሽ» በሚለው ተስማሙ። ከዚያ ባለሜትሯ ወደ ልጅቷ ዞር ብላ «ፊደሉ ጠልቆ ይቀረጽልን፣ በጣት እንዲነበብ። የቆራጫችን ዓይን ደክሟል። ጨርቁንም ቢሆን ይኸው ዓመት አልፏታል፣ በጣቷ ነው የምታውቀው» አለች። «እኔ አርፍጄ ስገባ ግን ከሩቅ ታየኛለች» አለች ቁልፍ ሰፊዋ። አሥር ሰዓት ላይ መጥተው ሊወስዱት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሊሰጧት ተቃጥረው ሄዱ።

እና ልጄ ይህን ሁሉ ቆሞ ሰምቶ ነው «አትቆፍሪው» የሚላት። «በጣት ይነበብ ብለዋል እኮ ጋሼ» አለችው። ድምጿ ከመጋረጃው በመከራ ነው ያለፈው። «ብለዋል። ሲረከቡሽ ጣታቸውን ይዘሽ አታስነብቢያቸውም። መብራት ሥር ያብረቀርቃል፣ ያለቅሳሉ፣ ይሄዳሉ» አላት።

ትሪውን ይዛ ወደ እኔ ገባች። ጣቷን አሰርኩላት። መነጽርሽን አድርጊ አልኳት፤ አደረገች። ወንበርሽን ወደ መብራቱ ሳቢው አልኳት፤ ሳበችው። ከዚያ ትሪውን በቆዳው ትራስ ላይ ደፋችውና ከግርጌው ጠርዝ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ መቅረጫውን በመዳፏ ይዛ የፀጉር ያህል ገፋ አደረገችው። ከብረቱ የተላጠውን ቅርፍት በጣቷ ጫፍ አንስታ ወደ ብርሃኑ ያዘችልኝ። እኔ ከባለቤቴ ሸሚዝ ላይ ቅርፍት ስለቅም ያረጀሁ ሴት ነኝ። የንጹሕ ብር ቅርፍት ነጭ ነው፣ ለስለስ ብሎ እንደ ሽበት ይጠቀለላል። የናሱ ቢጫ ሆኖ ይሰባበራል። ይኼ ግን አንድ ጎኑ ነጭ፣ ሌላው ጎኑ ቀይ ነበር። መዳብ ነው፣ ላዩ ላይ ብር የተቀባ።

«ብር ቅብ ብሎ ሸጦላቸው ይሆናል» አልኳት፤ የምለውን እኔም አላመንኩትም። «ደረሰኙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ንጹሕ ብር በይ አለኝ፤ ዕቃውን ገና አልነካሁትም ነበር» አለች። ዋጋውንም ነገረችኝ። አንዲት ልብስ ሰፊ ከወር እስከ ወር አጎንብሳ የምታገኘው አራት እጥፍ ነው። አሥራ ስድስት ሆነው አዋጥተዋል። ያኔ ነው «አትቆፍሪው» ያላት የገባኝ። ላይ ላዩን የተጫረ ብር ቅብ ነጭ እንደሆነ ይኖራል፤ ጠለቅ ብሎ የተቀረጸ እንደሆነ ግን እያንዳንዱ ፊደል ቀይ ሆኖ ይወጣል፣ ልክ እንደተገላለጠ ድድ። በጣት እንዲነበብ ካደረገችው አጎቷን ታጋልጣለች፤ አጎቷን ከሸሸገች ዓይኗ የደከመ ሴት ጣቷን ለስላሳ ብረት ላይ ስታሽ ትቀራለች።

የመጀመሪያ ሐሳቤ የእሷ እንጀራ ነበር፤ አልዋሽም። ቅርፍቱን ከጣቷ ላይ እፍ ብዬ ጣልኩትና አጎትሽ ያለሽን አድርጊ አልኳት። ከገንዘብ መሳቢያው በላይ ግድግዳው ላይ፣ ልጄ በሄደ በመጣ ቁጥር የሚያያት፣ አንዲት የማሽን ሥዕል ተለጥፋለች። ስሙን በኮምፒውተር ጽፈው ዕቃውን ከሥሩ ሲያስቀምጡለት በራሱ ይጽፋል ይላሉ። የሚሸጠው ሰውዬ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሻይ ጠጥቷል። ልጄ ቤት ውስጥም እራት ላይ ያነሣዋል፤ «ማሽን ጣቱን አይወጋም፣ ምሳ አይበላም፣ አያቱ አትከተለውም» እያለ ይቀልዳል፣ ሚስቱም ትስቃለች፣ ጭምቷ ሳህኗን ታያለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ትምህርቱን አልገፋችበትም። ይቺን ወንበር ከተነጠቀች የትኛው በር ላይ ቆማ እጅ አለኝ ልትል ነው? እኔስ ነገ ዓይኔን ብከድን የማንን ደጅ ልትረግጥ? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ሰማችኝ። ሰምታ ስትጨርስ ተነሥታ መጋረጃውን ገለጠችና «ጋሼ፣ ያንን የናስ ትሪ ብንሰጣቸውስ? ናስ እኮ እስከፈለጉት ድረስ ይጠልቅላቸዋል፣ ሲያረጅም ያምራል» አለችው።

«ናሱ ስንት ነው የሚሸጠው?» አላት። ነገረችው። «እና የቀረውን መልስላቸው ልትዪኝ ነው» አላት። በቁጣ አይደለም፤ እንደሚቀልድ ሆኖ ነው። መደርደሪያው ፊት ቆማ በዓይኗ ዕቃውን ስታማርጥ በመጋረጃው ስንጥቅ አየኋት። የማይዝገው ብረት አለ፤ እሱን በእጅ መቅረጽ ግን ለአንድ ፊደል ሁለት ጊዜ መሣሪያ መሳል ነው፣ ለአሥር ሰዓት አይደርስም። የብርጭቆው ትሪ ይጠልቅላታል፣ ዱቄቱ ግን ሳንባ ውስጥ ይገባል ብዬ እኔ ከለከልኳት፣ ደግሞም ስጦታው ሲወድቅ ተሰብሮ ቢቀርስ። የእንጨቱ ትሪ ለመቅረጽ ቅቤ ነው፤ በብር ዋጋ እንጨት የሚቀበል ሰው ግን አልተፈጠረም። ተመልሳ ተቀመጠች። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ትሪውን ፊቷ አድርጋ፣ መቅረጫውን ሳትነካ ቆየች። ከፊት ልጄ ከአንድ ደንበኛ ጋር ስለ ቁልፍ መያዣ ዋጋ ሲከራከር ይሰማል። የግድግዳው ሰዓት አራት ተኩል አለ፣ ከዚያ አምስት አለ።

እኔ ዝም ያለ ሰው አጠገብ መቀመጥ አልችልም። አፌን ምን እንደከፈተው እንጃ፣ «ካልቆረጥሽውስ?» አልኳት። ቀና አለች። «አያትሽ ቀጭን ዕቃ ሲመጣለት አንዳንዴ አይቆርጠውም ነበር። ገልብጦ ከጀርባው ይመታዋል። አፋቸው የዶለዶመ መሣሪያዎች አሉት፣ ምስማር የመሰሉ። ከጀርባ ሲመታ ፊደሉ ከፊት ያብጣል። ብረቱ ይወጠራል እንጂ አይቆረጥም።» የቀረውን ሳልነግራት ገባት። ካልተቆረጠ ቀዩ አይታይም። ፊደሉ ካበጠ ደግሞ ጣት ያነበዋል። በአንድ ጊዜ ሁለቱንም። እኔ ከዚህ በላይ ብልህ ሆኜ አላውቅም፣ ትንሽም ኮራሁ። እሷ ግን ፊቷ ወዲያው አልበራም። የመሣሪያውን ጥቅል ፈትታ እነዚያን ዶልዳማዎቹን አንድ በአንድ አወጣች፣ አፋቸውን በጣቷ ዳሰሰች። «ይሠራል» አለች በመጨረሻ። «ግን መዳብ መሆኑን ሲመጡ እንንገራቸው። አንቺ ንገሪው ለጋሼ። አንቺን አይቆጣሽም።»

«እስቲ መጀመሪያ ሥራው ይለቅ» አልኳት።

ሥራውን ግን አለመናገር አልችልም። በእሳት ሲሞቅ የሚለሰልሰውን ጥቁር ሙጫ በትንሿ ምድጃ አቀለጠች፤ ፀጉርሽን እሰሪ፣ እጅጌሽን ሰብስቢ ስላት ቆየሁ። ሙጫውን በትሪው ሆድ ውስጥ አፍስሳ እስኪጠና ጠበቀች፣ ከዚያ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ እንግዲህ ብረቱ ሲመታ ሙጫው እንደ ፍራሽ ይቀበለዋል፣ አይሰነጠቅም። ከጀርባ የሚመታ ጽሑፍ ተገልብጦ ነው የሚጻፈው። ጽሑፉን ወረቀት ላይ በትልልቁ ጻፈች፣ ወረቀቱን ገልብጣ መብራቱ ላይ አድርጋ የዞረውን ፊደል ተከትላ በእርሳስ ቀዳችው፣ ከዚያ ትሪው ጀርባ ላይ ለጠፈችው። መምታት ጀመረች። መዶሻዋ ከማንኪያ አትበልጥም። በኃይል ከመታች ብሩ ተቀዶ መዳቡ ይወጣል፤ ፈራ ተባ ካለች ፊደሉ አይወጣም። ለመስመሩ ቀጭኑን መሣሪያ፣ ለፊደሉ ራስ ድቡልቡሉን፣ እየቀያየረች፣ ትንፋሿን እየያዘች ሄደች። ያ የቆሰለ አውራ ጣት ነው መሣሪያውን የሚመራው። ፋሻው ላይ ነጥብ የምታህል ቀይ ስትወጣ አየሁና እረፊ አልኳት፤ አልሰማችኝም። እየሠራች የምትሰማ ልጅ አይደለችም፤ አያቷም እንደዚያው ነበር። ፊቷን አየሁት። ደስ ብሏታል። እጇ ለዓመታት ርቦት የኖረ ይመስል ነበር።

ለምሳ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ነበረን። እንቁላሉን ላጥኩላት፣ በግራ እጇ እየበላች በቀኟ ወረቀቱን ታስተካክላለች። በዚህ መካከል ልጄ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ጀርባው ላይ የሚወጣውን ሲያይ መጀመሪያ ግንባሩ ተቋጠረ፣ ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀጥሎ ገባውና ተፈታ። «ማን ነው ይህን ያሰበው?» አለ። ጭምቷ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። ልጄ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ «እማዬ፣ አንቺ ባትመጪ ምን ይውጠኝ ነበር» አለኝ። ከባሏ ቀብር ወዲህ በዚህ ሱቅ ውስጥ ማንም እንዲህ ብሏት የማያውቅ ሴት ምን እንደሚሰማት አስቡት። ደስ አለኝ። ልጅቷ እያየችኝ ነበር፤ አሁን ትነግረዋለች ብላ ነው። ተናገር ተናገር ብሎኝ ነበር፤ ከንፈሬን አላቀቅሁ እንኳ። ግን እጁ ትከሻዬ ላይ እንዳለ እንዴት ልናገር? «ሻይ አታዝልንም?» አልኩት። ሳቀና ሊያዝልን ወጣ። እሷ መዶሻዋን አነሣች።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ጨረሰች። ትሪውን አሙቃ ሙጫውን አላቀቀች፣ በነጭ ጋዝ አጥባ በጥጥ ወለወለችው። ስትገለብጠው ጎንበስ ብዬ አየሁት። ፊደሎቹ ከትሪው ወለል እንደ እህል ፍሬ ብቅ ብቅ ብለዋል፣ አንዱም አልተቀደደም፣ ከየትም ቢያዩት ነጭ። ጣቴን አሳረፍኩበት። የእኔ ዓይንም ከመነጽር ጋር ነው የሚሠራው፤ መነጽሬን አውልቄ ዓይኔን ጨፈንኩና «ለበስን» የሚለውን አነበብኩ። «እምዬ፣ ነገርሽው?» አለችኝ። «አሁን እነግረዋለሁ» አልኩ።

አልነገርኩትም። እነሱ ቀድመው መጡ። ባለሜትሯ አሁን ሜትሯን አውልቃ ንጹሕ ቀሚስ ለብሳለች፣ ቁልፍ ሰፊዋ ከንፈሯን ተቀብታለች። ልጄ ትሪውን በጥቁር ጨርቅ ላይ አድርጎ መብራቱን አበራላቸው። ባለሜትሯ መብራቱን ትታ ዓይኗን ጨፈነችና ጣቶቿን ከግራ ጀምራ አስኬደች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ዓይኗን ሳትገልጥ ቆየች። ቁልፍ ሰፊዋ «ምን ይላል? ሰማያዊውን ካፖርት ጽፈውበታል?» ብላ ልትቀልድ ጀመረችና ድምጿ ተሰበረ። ልጄ «የቤታችን ሥራ ነው» አለ፤ ከኋላው ስለቆመችው ልጅ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ባለሜትሯ እንባዋን ጠረገችና፣ የሱቁን ሰው ትታ፣ መጋረጃው ሥር ወንበር ላይ ወደተቀመጥኩት ወደ እኔ መጣች። ጎንበስ ብላ እጄን ያዘች። «እማማ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። እኔ ስለ ብረት አላውቅም፣ የሰው ገንዘብ ደግሞ ተሸክሜ ነው የመጣሁት። ንጹሕ ብር ነው፣ አይደል?»

ልጄ አየኝ። ጭምቷ አየችኝ። የማሽኑ ሥዕል ግድግዳው ላይ አለ። «ንጹሕ ነው የኔ ልጅ» አልኳት።

ጭምቷ ጥጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ቀስ አድርጋ፣ የሚሰበር ነገር ይመስል። ቁልፍ ሰፊዋ ትሪውን በወረቀት መጠቅለል ጀምራ፣ ልቧ ቀለል ብሏት ትለፈልፋለች። «እኔማ ግድግዳ ሰዓት እንግዛላት ብዬ ነበር፣ ይቺ ናት እምቢ ያለችው። ሰዓት አይሸጥም አለችኝ። ብር ግን የትም ይሸጣል። ቆራጫችን ዓይኗን ቅደዱልኝ ብላ ሐኪም ቤት ብትሄድ የጠየቋትን ስላጣች እኮ ነው የተመለሰችው። እንግዲህ ትሪውን አቅልጣ ትታከምበታለች። ስማችንን አብረው ያቀልጡታል፣ ምን ይደረግ።» ባለሜትሯ «አሁን ዝም በይ፣ ይህን አትንገሪያት። በኋላ እኔ እነግራታለሁ» አለቻት።

ቆራጯ ከሚያቀልጠው ሰው ፊት ስትቆም ታየችኝ። የማላውቃት ሴት ናት፤ ግን ጣቷን አይቼዋለሁ ማለት ይቻላል፣ ቀኑን ሙሉ ስለ እሷ ጣት ስናስብ ውለናል። ሰውዬው ጠርዙን ይሞርደዋል። ከት ብሎ ይስቃል፣ ወይ ደግሞ ያዝንላታል፣ እሱ ይብሳል። ልብ አድርጉ፣ እኔ ደፋር ሴት አይደለሁም። መንገድ ስሻገር የማላውቀውን ሰው ክንድ የምይዝ ነኝ። ተነሣሁ እንኳ አልልም። እንደተቀመጥኩ «ልጄ» አልኳት ባለሜትሯን። «ቅድም የነገርኩሽ ልክ አይደለም። ውስጡ መዳብ ነው። ብሩ ላዩ ላይ የተቀባ ነው።»

ልጄ ወዲያው ሳቀ። «እማዬ እርጅና ተጫጭኗታል። የሆነውንም ያልሆነውንም ታደባልቃለች፣ ይቅርታ አድርጉላት» አላቸው። ለስላሳ ድምፅ ነበር፤ ሐኪም ቤት ሲያጅበኝ ለነርሶቹ የሚናገርበት ድምፅ። ባለሜትሯ እሱን አላየችውም። ልጅቷን አየቻት። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለቻት። ጭምቷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። «እማማ ያሉት?» «ልክ ናት» አለች ጭምቷ። ሁለት ቃል ብቻ። እኔ ግን በዚያ ሱቅ ውስጥ አጎቷ እያለ ጮክ ብላ ስትናገር ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።

ቁልፍ ሰፊዋ ወረቀቱን ቀድዳ ትሪውን ለመመለስ እጇን ዘረጋች፤ ባለሜትሯ ያዘቻት። ሰዓቷን አየች። «ጽሑፉን የትም አናገኘውም» አለች። «ጽሑፉ የእኛ ነው። ትሪውን በመዳብ ዋጋ እንወስደዋለን።» ከዚያ ወደ ልጄ ዞረች። ጠዋት «እርስዎ» ስትለው ነበር። «ወንድሜ፣ መሳቢያህን ክፈት» አለችው። ልጄ ፊቱ ደም መሰለ። ደጅ ላይ አንድ ሰው ለመግባት ቆሟል፣ መስታወቱን አልፎ ያየናል። መሳቢያውን ከፈተ። ስንት እንደመለሰላቸው አላየሁም፣ መሬት መሬቱን ነበር የማየው። ባለሜትሯ የተቀበለችውን በፖስታ አድርጋ «ይኼ ለዓይኗ» አለቻት ቁልፍ ሰፊዋን። ሲወጡ እጄን ድጋሚ ትይዘኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልያዘችኝም። እግዜር ይስጥልኝም አላለችም። ለጭምቷ ግን ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻት።

ልጄ የመጣውን ደንበኛ አስተናገደ፣ የበር ሰሌዳ ሸጠለት፣ መረቀው፣ ሸኘው። በሩ ሲዘጋ «አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለኝ። «ሴትዮዋ ጠየቀችኝ» አልኩት። ረዥም ጊዜ አየኝ፤ አባቱን በሚመስለው በኩል ሳይሆን እኔን በሚመስለው በኩል ነበር ፊቱ። ከዚያ ወደ መጋረጃው ሳያይ «ነገ የማሽኑን ሰውዬ እጠራዋለሁ» አለ። ጭምቷ መሣሪያዎቿን ሰበሰበች። የዶለዶሙትንም የተሳሉትንም እያንዳንዳቸውን በዘይት ጨርቅ ጠረገች፣ በጥቅሉ ኪሶች ውስጥ በየቦታቸው ከተተች፣ ጥቅሉን አሰረች። የቆዳውን ትራስ አንሥታ ትንሽ አሰበችና ወደ ቦታው መለሰችው፤ እሱ የሱቁ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ባለቤቴ የሰጣትን ይዛ ለምን ትወጣለች ብዬ አለቅስ ነበር። ዛሬ ፋሻዋን ነበር የማየው፣ ቀዩ ሰፍቶ ደርቋል።

ሱቁ በመጣሁ ቁጥር ልጄ ሲዘጋ መኪናው ድረስ ክንዴን ይዞ ይወስደኛል። ዛሬ መዝጊያውን አውርዶ ቆለፈና «ዕቃ የማመጣበት ቦታ አለ፣ እናንተ ሂዱ» ብሎ ሄደ። በየትኛው አቅጣጫ እንደሄደ አይተናል፤ የዕቃ ቦታ በዚያ በኩል የለም። ጭምቷ ክንዷን ሰጠችኝ። አውቶቡስ መቆሚያው ድረስ ቀስ ብለን ሄድን። ከሥራ የወጣው ሰው ሁሉ እዚያ ተሰልፏል። አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ አስቀመጠኝ፤ እሷ የመሣሪያውን ጥቅል በደረቷ አቅፋ ከፊቴ ቆመች። ይህን ጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። አሁን ትሪውን ሰጥተዋት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ምን ብለው ነግረዋት ይሆን፣ ወይስ ምንም አልነገሯትም? ልጅቷ ደግሞ ምን እያሰበች እንደሆነ ፊቷ አይናገርም። ነገ ስንት ሰዓት እንነሣለን፣ ተነሥተንስ የት እንሄዳለን፣ ሚስቱ እራት ታስቀምጥልን ይሆን፣ ቁስሉን በምን ላጥበው፣ ይህ ሁሉ ባንድ ላይ መጣብኝ። የጠየቅኋት ግን ሌላ ነው።

«ተቀየምሽኝ?» አልኳት።

ዓይኗን ከመንገዱ ላይ ሳታነሣ ጥቅሉን አስተካክላ ያዘች። በቁጣ አልነበረም፤ በእውነት ልታውቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ።

«በየትኛው?»

አውቶቡሱ መጣ። ሰዉ ተጋፋ። እሷ ባልቆሰለው እጇ ከመቀመጫው አነሣችኝ፣ ደረጃውን እስክወጣ ከኋላዬ ደግፋኝ ቆመች። በመዋሸቴ ልበላት ወይስ በመናገሬ እያልኩ ወጣሁ።